ኬሚካሉ ሳይገባ ትእዛዙ እንዴት ይገባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ማኅበራዊ አሜባዎች አጠር ያለ ነገር ጽፌ ነበር። አፈር ውስጥ ለየብቻ የሚኖሩ፣ ሲርባቸው ግን ተሰብስበው አንድ አካል የሚሠሩ ፍጥረታት ናቸው ብዬ። እዚሁ ጎንደር ካሉ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ መጣልኝ። ከሁሉም የአዘዞው ተማሪ ጥያቄ ልቤን ስለያዘው ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ነው የምኖረው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሜባዎቹ በኬሚካል ይጠራራሉ ብለው ጽፈዋል። ያልገባኝ እዚህ ላይ ነው። ኬሚካሉ ሴሉ ውስጥ ካልገባ ውስጡን እንዴት ያዝዘዋል? ከገባ ደግሞ የሴሉ ሽፋን ላይ ተቀባይ ለምን ያስፈልጋል? ጓደኞቼ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተወው» አሉኝ። እኔ ግን መተው አቃተኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳንም አልተውከው። ስንት ተማሪ ይሄን ምዕራፍ ሸምድዶ ያልፋል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን አይጠይቅም። አንተ ጠይቀሃል።

አጭሩ መልስ፦ ኬሚካሉ አይገባም። አሁን ወደ ረጅሙ።

አሜባዋ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ትባላለች። ኬኔት ሬፐር የተባለ አሜሪካዊ በ1933 ሰሜን ካሮላይና ተራራ ላይ ከበሰበሰ ቅጠል ውስጥ አገኛት። በ1935 ስም አውጥቶ አስተዋወቃት። አንዷ ሴል የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ብትሆን ነው። ባክቴሪያ ትበላለች፣ ለሁለት ትከፈላለች፣ ደግማ ትበላለች። ባክቴሪያው ሲያልቅ እስከ 100,000 የሚደርሱ አሜባዎች ወደ አንድ ቦታ ይተማሉ። ይከመራሉ። ክምሩ ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝም፣ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት የሚሳብ አንድ አካል ይሆናል። በመጨረሻ ቆሞ ቀጭን ግንድ ይሠራል፣ ጫፉ ላይ የስፖር፣ ማለትም ምግብ እስኪገኝ የሚጠብቁ ሴሎች፣ ኳስ ይሸከማል። ከረሃቡ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው። አንጎል የላቸውም፣ ነርቭ የላቸውም፣ አዛዥም የላቸውም።

ታዲያ ማን ጠራቸው? ጆን ታይለር ቦነር በ1947 ባሳተመው ሥራ አንድ ቆንጆ ሙከራ አለ። በመሰብሰብ ላይ ባሉ አሜባዎች ላይ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲፈስ አደረገ። ከመሰብሰቢያው በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል ያሉት ቀጥ ብለው ወደ መሰብሰቢያው ሄዱ። ከላይ ያሉት ግን እዚህም እዚያም ተንከራተቱ፤ ጥሪው አልደረሳቸውም። ስለዚህ ጥሪው በውሃ የሚወሰድ ኬሚካል ነው ማለት ነው። ቀላል ሙከራ ናት፤ እኔ ግን ከትልልቆቹ መሣሪያዎች ሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ።

ኬሚካሉ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ 20 ዓመት ፈጀ። በ1967 ቴዎ ኮናይን፣ ቦነርና ባልደረቦቻቸው ሳይክሊክ ኤኤምፒ መሆኑን አሳወቁ። ይሄ ሞለኪውል አዲስ አልነበረም። ኧርል ሰዘርላንድ ቀደም ብሎ ጉበት ውስጥ አግኝቶት ነበር፤ በሆርሞኖች አሠራር ላይ በሠራው ሥራም በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ልዩነቱን አስተውል። እኛ አካል ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚሠራው በዋናነት ሴሉ ውስጥ ነው። አድሬናሊን ከውጭ ሲመጣ ውስጥ የሚመረት መልእክተኛ ነው። አሜባዋ ግን ወደ ውጭ ትረጨዋለች። ለእሷ ለጎረቤት የሚላክ ጥሪ ነው። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ ትርጉሙን የወሰነው የተቀበለው ፕሮቲን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልብ። የሴሉ ሽፋን ስብ ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሙል ያለው፣ ውሃ የሚወድ ሞለኪውል ነው። ስቡን ዝም ብሎ አያልፍም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ሆኖ የሚቀበለው ፕሮቲን አለ፤ ካር-1 ይባላል። ጂኑን የፒተር ዴቭሬዮቲስ ቡድንና ባልደረቦቹ በ1988 አወጡት። ይህ ፕሮቲን ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እየበሳ ይመላለሳል። ከፊሉ ውጭ ነው፣ ከፊሉ ስቡ ውስጥ ነው፣ ከፊሉ ሴሉ ውስጥ ነው። በአንዲት አሜባ ላይ እንዲህ ያሉ ተቀባዮች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ሳይክሊክ ኤኤምፒ በውጭው በኩል ባለው ቦታ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይቀይራል። ስቡ ውስጥ ያሉት ሰባቱ ምሰሶዎች በትንሹ ይንቀሳቀሳሉ። እነሱ ሲንቀሳቀሱ የውስጠኛው ፊት ይለወጣል። እዚያ በውስጥ በኩል ጂ-ፕሮቲን የሚባል አለ። ሦስት ክፍል አለው፦ አልፋ፣ ቤታና ጋማ። በእረፍት ጊዜ አልፋው ጂዲፒ የተባለ ሞለኪውል ይዞ ከሁለቱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ተቀባዩ ቅርጹን ሲቀይር አልፋው ጂዲፒን ይለቅና ጂቲፒን ያነሳል። ያኔ ከቤታና ከጋማ ይላቀቃል። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ እስካሁን ውጭ ነው። ወደ ውስጥ ያለፈው የቅርጽ ለውጥ ብቻ ነው። እንግዲህ የጠየቅከው ይህንን ነበር።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፋፈላል። አንዱ መንገድ የእግር መንገድ ነው፤ ማለቴ አሜባዋ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው። የተላቀቁት ቤታና ጋማ ራስ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያነቃሉ። ራስ ደግሞ ፒአይ3-ኪናዝ የተባለውን ኢንዛይም ያነሳሳል። ኢንዛይሙ የሽፋኑን የውስጥ ፊት ያበጃጀዋል፤ ፒአይፒ3 የሚባል ስብ ያበዛበታል፣ በተለይ ጥሪው በመጣበት በኩል። ክራክ የሚባለውና ሌሎች ፕሮቲኖች ይህን ስብ ፈልገው እዚያው ይለጠፋሉ። አክቲን የተባለው ክር በዚያ በኩል ይበዛና ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋል። እግር ወጣ ማለት ነው። በጀርባ በኩል ደግሞ ፒቴን የተባለ ኢንዛይም ያንን ስብ ይሰብራል። ሚዮሲን የተባለ ፕሮቲንም ጀርባውን ጨምቆ ይጎትታል። ፊትና ኋላ የሚለየው እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ተቀባዮቹ ፊት ላይ የተሰበሰቡ ይመስልህ ይሆናል። አይደለም። ካር-1 በአሜባዋ ዙሪያ ሁሉ እኩል ተበትኗል። በፊትና በኋላ መካከል ያለው የኬሚካል ልዩነት ደግሞ 2 በመቶ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። 2 በመቶ! ያውም የሚሊሜትር አንድ መቶኛ በሆነች ሴል ላይ። ጂ-ፕሮቲኑም ራሱ ያንኑ ስስ ልዩነት ነው የሚከተለው። ልዩነቱ የሚጎላው ከዚያ በታች፣ ራስና ፒአይፒ3 ጋ ሲደርስ ነው። እዚያ ላይ ፊት ፊት ይሆናል፣ ኋላም ኋላ። ተቀባዩ ይሰማል፤ ውሳኔው ግን የሚደረገው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጥሪውን ማስተላለፍ ነው። ያው ተቀባይ፣ ያው ጂ-ፕሮቲን አዴኒላይል ሳይክሌዝ የተባለ ኢንዛይምንም ያነቃሉ። ኢንዛይሙ ከኤቲፒ አዲስ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይሠራል። አሜባዋ ያንን ወደ ውጭ ትረጨዋለች። በአርማጭሆ ወይም በደምቢያ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ቤት ሲቃጠል ኡኡታ ይነሳል፤ ከዚህ ኮረብታ የሰማው ይጮኻል፣ ከማዶ ያለው ደግሞ እሱን ሰምቶ ይጮኻል፣ እየጮኸም ወደ ቦታው ይሮጣል። የመጀመሪያውን ጩኸት ያልሰማው ሳይቀር ይደርሳል። አሜባዋም ትሰማለች፣ ትጠራለች፣ ትሄዳለች።

ግን ሁሉም ዝም ብሎ ቢጠራ ከየት እንደመጣ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ሁለት መላ አላቸው። አንደኛ፣ ተቀባዩ ኬሚካሉን እንደያዘ ቢቆይ እንኳ ምላሹ ከደቂቃዎች በኋላ ይበርዳል። አሜባዋ ለጊዜው አትመልስም። ይህ ነው ማዕበሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው። ሁለተኛ፣ ፎስፎዳይኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይረጫሉ፤ ውጭ ያለውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይሰብረዋል። አየሩ ይጠራል እንበል። ቀጣዩ ጥሪ ሲመጣ እንደ አዲስ ይሰማል። ጥሪው በ6 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይመጣል። ማዕበሉ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ አሜባዎቹ ወደ መሀል ይሄዳሉ። አዴኒላይል ሳይክሌዙ በምትራመድ አሜባ ጀርባ በኩል መሰብሰቡ ደግሞ ሌላ ድንቅ ነው። ከኋላዋ የምትረጨውን የኋለኛዋ ትከተላለች። ለዚህ ነው ተራ ይዘው፣ የአንዷ ፊት ከሌላዋ ጅራት ተያይዞ የሚሄዱት።

መምህርህ «ምላሹ የሚበርደው ተቀባዩ ላይ ፎስፌት ስለሚለጠፍ ነው» ብለውህ ከሆነ፣ እውነት አለበት። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲያዝ የካር-1 ጅራት ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ነገር ግን ፎስፌት እንዳይለጠፍባቸው የተደረጉ አሜባዎችም ምላሻቸው በጊዜው ይበርዳል። ስለዚህ ማብረጃው ከተቀባዩ በታችም አለ።

ሦስተኛውን መንገድ ቶሎ ልለፈው። ጥሪው በየጊዜው ሲመላለስ ጂኖች ይበራሉ፤ ራሱ ካር-1፣ ራሱ አዴኒላይል ሳይክሌዝ በብዛት ይመረታሉ። ሲጠራሩ የመስማት ችሎታቸውም ይጨምራል። ክምሩ ከተሠራ በኋላ ኬሚካሉ በጣም ስለሚበዛ ካር-2ና ካር-4 የሚባሉ፣ ብዙ ካልመጣ የማይሰሙ ተቀባዮች ይወጣሉ። ካር-3 በመካከል ነው። ከረሃቡ በፊት ደግሞ ሌላ ተቀባይ ነው የሚሠራው። ባክቴሪያ ፎሊክ አሲድ ይለቃል፤ አሜባዋ በዚያ ሽታ ምግቧን ታድናለች። የፎሊክ አሲዱ ተቀባይ የታወቀው በ2016 ነው። የጂ-ፕሮቲኑ አልፋ ብዙ ዓይነት ነው፤ በዚያ መንገድ የሚሠራው አልፋ-4 ነው፤ በሳይክሊክ ኤኤምፒው ግን አልፋ-2።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አንድ ቀጥ ያለ መስመር አድርገው ነው የሚያሳዩን። በ2007 ተመራማሪዎች አምስቱንም የፒአይ3-ኪናዝ ጂኖችና ፒቴንን ጨምረው ያጠፉባቸው አሜባዎች ሠሩ። የእግሩ መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። አሜባዎቹ ግን ጥሪው ጠንከር ሲል አሁንም ወደ ጥሪው ሄዱ። ሌሎች መንገዶች ጎን ለጎን ነበሩ። ስለዚህ ቀስት በቀስት የተሳለውን ሥዕል ስታጠና፣ መስመሩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ እያሰብክ አጥና።

ጥያቄ፦ እኔ ከማራኪ ነኝ። ልጄ ሰገራ በተመረመረ ቁጥር «አሜባ አለበት» ይሉኛል። ጽሑፍዎን ሳነብ ደነገጥሁ። ሆዱ ውስጥ ተሰብስበው እንዲህ ግንድ ያቆማሉ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም፤ በዚህ በኩል ልብሽ ይረፍ። የአፈሯ ዲክቲዮስቴሊየም ሰው አታሳምምም። የልጅሽ አሜባ ሩቅ ዘመድ ናት፤ ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ ትባላለች። ግንድ አታቆምም። አንጀት ውስጥ ትኖራለች፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ሲስት ሆና ትወጣለች፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ወደ ሌላ ሰው ትሻገራለች።

ግን ስለ «አሜባ አለበት» አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልችልም። ኤንታሜባ ዲስፓር የምትባል ሌላ አለች። ጉዳት አታደርስም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሲስቶቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ በዓይን አንለያቸውም። አሜባዋ ቀይ የደም ሴል ውጣ ከታየች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የምታሳምመዋ የመሆኗ ትልቅ ምልክት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አትይ፣ ልጅሽንም እዪ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ምንም ሳይሰማው ወረቀቱ ላይ «አሜባ» ከተባለ፣ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ጎረቤት የተረፋትን ሜትሮኒዳዞል በግምት አትስጪው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ሲስቱ ለመጠጥ ውሃ የሚደረገውን የክሎሪን መጠን ይቋቋማል፣ መፍላትን ግን አይቋቋምም። ሰላጣና ቲማቲም በደንብ ይታጠብ። እጅ በሳሙና።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር። አሜባው ይገርማል። ግን ለታካሚ ምን ይጠቅማል? እኛ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ «ለምን ይሄን እንማራለን» ይላል።

መልስ፦ ሁለት ምክንያት ልስጥሽ፣ ሁለቱንም ዎርድ ላይ ታገኛቸዋለሽ።

የመጀመሪያው መግል ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ እዚያ የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ባክቴሪያ የሚለቃቸውን ትንንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮችና ሰውነት የሚልካቸውን ጥሪዎች ይሰማሉ። በምን ይሰማሉ? ሽፋኑን ሰባት ጊዜ በሚመላለስ ተቀባይ። ከውስጥ ማን ይጠብቃል? ጂ-ፕሮቲን። ከዚያስ? ፒአይ3-ኪናዝ፣ ፒአይፒ3፣ አክቲን። ለአዘዞው ተማሪ የነገርኩት ታሪክ ብዙው ይደገማል። ከሰው ደም የወጣ ኒውትሮፊል ዕድሜው አጭር ነው፣ ጂኑን መለወጥም ይከብዳል። አሜባዋ ግን በቀላሉ ትራባለች፣ ጂኗም በቀላሉ ይነካካል። ሙሉ ጂኖሟ በ2005 ተነቧል፤ 34 ሚሊዮን ገደማ ፊደል፣ 12,500 ገደማ ጂን። ነጭ የደም ሴል ወዴት መሄድ እንዳለበት እንዴት እንደሚያውቅ ከምናውቀው ብዙው ከእሷ የተገኘ ነው። ከሰባት ጊዜ ተመላላሽ ተቀባዮች ጋር የሚያያዙ መድኃኒቶችም ፋርማሲው ውስጥ ሞልተዋል፤ ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል አንዱ ነው። ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ በ2012 ኖቤል የተሸለሙት በእነዚህ ተቀባዮች ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ኮሌራ። አተት ሲነሳ የምታዪው ያ የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ የሚመጣው ከዚሁ መንገድ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ መርዝ የአንጀት ሴል ሽፋን ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ አንዱ ክፍሉ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ አሜባዋ ጋ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ ይሄ ግን ይገባል። ገብቶ የጂ-ፕሮቲኑን አልፋ ይነካዋል። አልፋው ጂቲፒን ሰብሮ ራሱን የሚያጠፋበት ችሎታ ይወሰድበታል። እንደበራ ይቀራል። አዴኒላይል ሳይክሌዝ ያለ እረፍት ይሠራል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ የክሎራይድ በር ይከፈታል፣ ጨው ይወጣል፣ ውሃ ይከተላል። በከባዱ ኮሌራ አንድ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ይሄ ሁሉ የሆነው ማንም ሳይጠራ ነው። ተቀባዩ ምንም አልሰማም፤ መሀል ያለው ጂ-ፕሮቲን ነው የተጠለፈው።

ኦአርኤስ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበት ሌላ በር አንጀት ላይ አለ፤ መርዙ እሱን አይዘጋውም። ስኳሩ ሶዲየሙን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ይከተላል። ስኳሩ ለጣዕም የተጨመረ የሚመስላቸው እናቶች አሉ። ስታስረጂያቸው ይሄን በቀላል ቋንቋ ንገሪያቸው፤ በጥብጠው ሳይጥሉት ያጠጡታል። በጣም የደከመና መጠጣት ያቃተው ሰው ግን በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ጊዜ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ኮላድባ ነው ቤቴ። ግንዱን የሚሠሩት አሜባዎች ምን ይሆናሉ? ይሞታሉ ካሉኝ፣ ማን ለማን ነው የሚሞተው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሞታሉ። ከተሰበሰቡት 20 በመቶ ገደማ ግንድ ይሆናሉ። ቅርፊት ሠርተው፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ፣ ሌሎቹን ከአፈር ከፍ አድርገው ይቀራሉ። ሌሎቹ ስፖር ሆነው ለቀጣዩ ምግብ ይጠብቃሉ።

ማን ለማን የሚለው ግን በተቀባይ የሚወሰን ነገር አለው። ሽፋናቸው ላይ ቲጂአር-ቢ1 እና ቲጂአር-ሲ1 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። የአንዷ ቢ1 የሌላዋን ሲ1 ይይዛል። ሁለቱ ጂኖች ከዘር ዘር በጣም ይለያያሉ። ከተስማሙ አብረው ይቀጥላሉ። ካልተስማሙ፣ መጀመሪያ አብረው ቢሰበሰቡም እየተለያዩ የየራሳቸውን ክምር ወደ መሥራት ያዘነብላሉ። ስለዚህ ግንድ የምትሆነዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸከመው የራሷን ዘር ነው። መለያየቱ ሁልጊዜ ፍጹም አይደለም፤ የተቀላቀሉ ዘሮችም ይገኛሉ። አጭበርባሪም አለ። አንድ ጂን የተበላሸባቸው አሜባዎች ከሌሎች ጋር ሲቀላቀሉ ከድርሻቸው በላይ ስፖር ይሆናሉ። ለብቻቸው ሲቀሩ ግን ግንድም ስፖርም በቅጡ አይወጣላቸውም።

ሌላም ላክልልዎ፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ አይነገርላቸውም። በ2007 የታወቁ ሴንቲኔል የሚባሉ ሴሎች አሉ። ያ የሚሳበው አካል ውስጥ እየተዘዋወሩ መርዝና ባክቴሪያ ይለቅማሉ። የለቀሙትን ይዘው ከአካሉ ኋላ ይቀራሉ። ከግንዶቹ ሌላ እነሱም አሉ፣ ጋሼ።

ጥያቄ፦ ከአራዳ። እትዬ፣ ቡና አሜባ ላይ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ካፌይን ይሠራል፤ ያውም በብዛት ሲሰጥ። ተቀባዩ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይይዛል፣ አዴኒላይል ሳይክሌዙ ግን አይነሳም። ስለዚህ አሜባዋ ትሰማለች፣ አታስተላልፍም። ተመራማሪዎች መስማትን ከማስተላለፍ ለይተው ለማጥናት የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። እኛን የሚያነቃን በሌላ መንገድ ነው፦ እንቅልፍ እንዲመጣ የሚያደርገው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝበታል። ሦስተኛው ሲኒ ላይ የሚበቃው ሰውና ከአቦሉ ልቡ የሚመታው ሰው ልዩነታቸው ከፊሉ ጉበታቸው ካፌይንን በሚሰብርበት ፍጥነት ነው።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ላሳያቸው ብፈልግ ከየት አመጣለሁ?

መልስ፦ ከአፈር። ማኅበራዊ አሜባዎች በደን አፈር፣ በበሰበሰ ቅጠልና በፍግ ውስጥ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ዲክቲዮስቴሊየም በ1869 የተገለጸው ከፈረስ ፍግ ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስቀድመው አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ። ከላይኛው ቅጠላ ቅጠል ሥር ያለውን ጥቁር አፈር ትንሽ ይውሰዱ፤ በንጹሕ ውሃ በደንብ ያቅጥኑት። የሣር ድርቆሽ ተፈልቶ በተጠለለ ውሃ የተሠራ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ያዘጋጁ። ምግብ የበዛበት አጋር አይሁን፤ ሻጋታው ይቀድማል። ከቀጠነው አፈር ጠብታ ከጉዳት አልባ የላቦራቶሪ ኢ.ኮላይ ጋር አቀላቅለው ይቀቡት። 22 ዲግሪ ገደማ ይስማማቸዋል፤ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ይበቃል።

ከሦስት አራት ቀን ጀምሮ በእጅ መነጽር ይከታተሉ። ባክቴሪያው የተበላበት ቦታ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ወደ መሀል የሚሄዱ ቀጫጭን ጅረቶች ይወጣሉ፤ እነሱ እንዳያመልጧችሁ፣ ጥሪው ራሱ ነው የሚታየው። በመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ግንድና ጫፉ ላይ ኳስ። ሻጋታም ግንድና ኳስ አለው፤ የሻጋታው ግን ከተጠላለፈ የክር ድር ውስጥ ነው የሚነሳው፣ ጅረት አይቀድመውም።

የአፈር ባክቴሪያም አብሮ ስለሚያድግ ክዳኑን ተማሪዎች አይክፈቱት፤ በክዳኑ ላይ ሆነው ይዩ። ሲጨርሱ ሳህኖቹን በረኪና ውስጥ ነክረው አሳድረው ይጣሉ።